ሰኔ ሠላሳ የሚያልቀው ሰው

ከአሶሳ መመለሴን የሰማ የመርካቶ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ወርቅ ይዘህ መጣህ?» ወርቅ አላመጣሁም። ሁለት ጆንያ ማንጎ ይዤ ተነስቼ ነበር፤ ግማሹ ነቀምት ሳይደርስ ተጨመቀ። ያየሁትን ግን ሳይጨመቅ ልንገራችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ከአውቶቡስ ተራ አልፋችሁ እንደማትሄዱ አውቃለሁና።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። እኔ ጆንያ ነጋዴ ነኝ። ባዶውን እሸጣለሁ፣ ሌላው ይሞላዋል። አብሮ አደጌ ጌታሁን ደግሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ሰፈር ውስጥ «ምሰሶ» ነው የምንለው። ልጆች ሳለን ጣሪያ ላይ የወጣ ኳስ ያለ መሰላል የሚያወርድልን እሱ ነበር። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የአዲስ አበባ ክለቡ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አሳለፋቸው። ጉልበቱን ሲያመው ወንበር ላይ፣ ሲሻለውም ወንበር ላይ።

በሰኔ መጀመሪያ ድንገት ፈላጊ መጣለት ተባለ፤ አሶሳ ያለ አንድ ክለብ። ሰፈሩ እንኳን ደስ ያለህ አለው። እኔ ወረቀቱን አሳየኝ አልኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። የአሶሳው ክለብ ለአንድ ረጅም ወጣት የሦስት ዓመት ውል ፈርሞለት፣ ደመወዙ በጀቱን በላበት። ያንን ወጣት የጌታሁን ክለብ ፈለገው። ዝም ብሎ «ሰጠን» ማለት ለቃለ ጉባኤ አያምርም፤ «ተለዋወጥን» ማለት ያምራል። ስለዚህ በምትኩ አንድ ሰው መቀበል ነበረባቸው። ማንን? ውሉ ቶሎ የሚያልቀውን። የጌታሁን ውል የሚያልቀው በጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ሰኔ ሠላሳ ቀን ነው። ሐምሌ ሲገባ ደመወዝ የማይጠይቅ ሰው ስለሆነ ተፈለገ። መርካቶ ውስጥ የማይነሳ ሚኒባስ ለታርጋው ብሎ የሚገዛ ሰው አለ። ጌታሁንም የተገዛው ለታርጋው ነው።

ይህን አልነገርኩትም፤ ያውቀዋል። እሱን የያዘው ደብዳቤው ላይ ያለ ሌላ መስመር ነው። ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ቀን አሶሳ ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ አለ።

«ሸምሱ» አለኝ፣ «አንድ ጨዋታ። አምስት ደቂቃም ትሁን። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ማለቅ አልፈልግም።»

ሚስቱ ደግሞ ለብቻዬ ጠርታ «አብረኸው ሂድ፤ እሱ ፈርም ያሉትን ሁሉ ይፈርማል» አለችኝ። አሶሳ አደም የሚባል የእህል ነጋዴ ደንበኛ አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ እያወራን ጆንያ ልኬለታለሁ፤ ፊቱን ግን አይቼው አላውቅም። እግረ መንገዴን እሱንም ላየው ተነሳሁ።

ሰኔ 25፤ ከአዲስ አበባ ነቀምት

መንገዱን አስጠይቀን፣ ሰላም ነው ሲሉን ተሳፈርን። የአውቶቡስ ወንበር የተሠራው ለእኔ ዓይነቱ ሰው ነው፤ ቁጭ ብዬ እግሬን ማወዛወዝ እችላለሁ። ጌታሁን ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው ሲያስብ አምቦ ደረስን። ከፊቱ የተቀመጡ እናት ዞር ብለው፣

«ልጄ፣ በምንህ ነው እንዲህ የምትገፋኝ?» አሉት።

«በጉልበቴ ነው እናቴ፣ ይቅርታ።»

እናትየዋ በወንበሮቹ መሀል አጎንብሰው አዩ። «ሁለቱም ያንተ ናቸው?»

ሹፌሩ አዝኖለት ወደ ፊት፣ ሞተሩ አጠገብ እግር ወደሚዘረጋበት ቦታ አዛወረው። እዚያ እግሩ ተዘረጋ፤ ግን ነቀምት ስንወርድ የቀኝ ጎኑ የተቀቀለ ድንች መስሎ ነበር።

ነቀምት ያረፍንበት ሆቴል አልጋው አጠረው። ባለቤቷ ደልደል ያለች ሴት ናት። ከራሱ እስከ እግሩ በዓይኗ ለካችውና «ቆዩኝ» ብላ ሄደች፤ ከምግብ ቤቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ተሸክማ ተመለሰች። ከአልጋው ግርጌ ገጠመችውና ብርድ ልብስ አነጠፈችበት። ጌታሁን አየው፣ አየውና፣

«ሦስት ዓመት ተቀምጬበት፣ አሁን ደግሞ ልተኛበት?» አለ።

ሴትየዋ አልገባትም። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ቦርሳዬን ስፈታ ቆየሁ። ለአግዳሚው ግን ምንም አላስከፈለችም። እኛ ሰፈር ቢሆን «የእግር ማሳረፊያ» ተብሎ ደረሰኝ ላይ ይወጣ ነበር።

ሰኔ 26፤ ከነቀምት አሶሳ

አዲስ አበባን ስንለቅ የሰኔው ብርድ አጥንት ይገባ ነበር። ጊምቢ ላይ ጃኬቴን፣ መንዲ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ። ባምባሲ ስደርስ የማወልቀው አለቀብኝ። እዚያ መንገድ ዳር አንዲት ሴት በኦሮምኛ ጠርታ በአማርኛ ማንጎ ሸጠችልን። እኛ ማንጎ በኪሎ፣ ያውም እየጨበጥን እያገላበጥን ነው የምንገዛው። እዚህ የሚሸጠው በባልዲ ነው። አንድ ብቻ ስጪኝ ብላት እንደ ታማሚ አየችኝ።

አሶሳ ከተማውን የሚያንቀሳቅሰው ባጃጅ ነው። ከመናኸሪያው በር ላይ አንዱን ጠራሁ። ባለ ባጃጁ ጌታሁንን ቀና ብሎ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ እሱን የምጭነው እንደ ሰው ነው እንደ ዕቃ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ዕቃ ከሆነ በጎኑ እናጋድመዋለን።»

እንደ ሰው ተጫነ። ጉልበቱ ከባለ ባጃጁ ጆሮ አጠገብ፣ ጭንቅላቱ በጎን ውጭ ሆኖ ዝናብ እየመታው አደም ቤት ደረስን። አደም የበርታ ሰው ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ ሦስት ትላልቅ የማንጎ ዛፎች አሉት። እኔን ሲያይ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣና መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

«ሸምሱ ነው? ወላሂ? አንተ ስልክ ላይ ድምፅ ትልቅ ነው፣ ሰውዬው ትንሽ ነው!»

ጌታሁን ከባጃጁ ተፈታትቶ ሲወጣ ደግሞ «አሁን ልክ ነው፣ ይሄ ነው ድምፁ» ብሎ አቀፈው።

ሆቴል እናርፋለን ብል አልሰማ አለኝ። «እንግዳ ሆቴል ካደረ ሰው ምን ይለኛል? ኻላስ!» አለ። አደም ኻላስ ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ስለ ዋጋ ስንነጋገርም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ።

ማዕድ ቀረበ፤ ገንፎ በባሚያ ወጥ። እኔ ገንፎ የማውቀው አራስ ስጠይቅ ነው፤ «ማን ወለደ?» ልል ምንም አልቀረኝም። እዚህ ግን ደህና ሰው በደህና ቀን ይበላዋል። ጌታሁን የሰኔ ጾመኛ ስለሆነ የሥጋ ጭቅጭቅ ውስጥ ሳንገባ ተገላገልን። ባሚያው ይሳባል። የመጀመሪያው ጉርሻዬ ከሳህኑ እስከ አገጬ ክር ዘረጋ፤ እጄን ከፍ ባደርግ ክሩ ይረዝማል፣ ዝቅ ባደርግ ሸሚዜ ላይ ያርፋል። አደም ጣቱን እንዴት አድርጎ ክሩን እንደሚጠቀልል አሳየኝ። ሦስተኛው ላይ ለመድኩ፤ ዐሥረኛው ላይ ማን ወለደ የሚለውን ረሳሁ።

ስንጨርስ አደም ወደ ነገሩ ገባ። «አንተ ጆንያ ታቹ ይቀደዳል ሸምሱ። እኔ በቆሎ አሶሳ ይጭናል፣ በቆሎው ባምባሲ ይወርዳል።»

«ሹፌሩ ነው የሚጎትተው» አልኩ።

ለስድስት ዓመት የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። ፊት ለፊት ሲባል ግን እንደ ስልኩ አይመችም።

ሰኔ 27፤ አሶሳ

ጠዋት ወደ ክለቡ ቢሮ ሄድን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍቃዱ ይባላል፤ ወላጆቹ ከወለጋ የመጡ፣ ትሁት፣ ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው። ጌታሁን የያዘውን ውል ተቀበለና መጀመሪያ የከፈተው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ቀኑን በጣቱ ነክቶ ካረጋገጠ በኋላ ነው ቀና ብሎ ፊቱን ያየው።

«አንበሳው! እንኳን ደህና መጣህ! ሰኔ ሠላሳ ነው አይደል?»

«ሰኔ ሠላሳ ነው» አለ ጌታሁን።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አቶ ፍቃዱ፣ ከልቡ።

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ፎርም አወጣ። ክሊራንስ ነው። ሰው ከመሥሪያ ቤት ሲለቅ ያለበትን ዕቃ መመለሱን በየክፍሉ እየዞረ የሚያስፈርምበት ወረቀት፣ ታውቁታላችሁ። ገና ወንበር አልሳብንም።

ጌታሁን ፎርሙን ሳይነካ፣ «ሃያ ዘጠኝ ጨዋታው ላይ እገባለሁ?» አለ።

«አንበሳው፣ አንተ ለእኛ በጣም ትልቅ ነገር ነህ። ክሊራንሱ ግን ከጨዋታው በፊት ይለቅ። ሠላሳ ቀን ቢሮው ይጨናነቃል።»

ይሄን ዓይነት መልስ ስለማውቀው ተርጉሜ ነገርኩት። ክሊራንስ የጨረሰ ሰው ማልያ የለውም። ማልያ የሌለው ሰው ሜዳ አይገባም። ጌታሁን ወደ ቤት ተራመደ፤ እኔ አንድ እርምጃውን በሦስት እየተከተልኩ። ቤት ስንደርስ ጫማውን ከሻንጣ አውጥቶ ጠረገው፤ ያልቆሸሸውን ጫማ።

ሰኔ 28፤ አሶሳ

ክሊራንሱ አምስት ፊርማ ይፈልጋል። ገንዘብ ክፍል ፈረመ። ሁለተኛው «ቤተ መጻሕፍት» ይላል። ክለቡ ቤተ መጻሕፍት የለውም፤ ፎርሙ ከአንድ ኮሌጅ ተቀድቶ ነው የመጣው። ጋዜጣ የሚያመጣው ሰውዬ ፈረመ። «መጽሐፍ አልወሰድክም አይደል?» ብሎ ጠይቆ ነው ታዲያ።

የመጨረሻው ንብረት ክፍል ነው። ወይዘሮ ዘነቡ ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው። እዚሁ ተወልዳ ንግግሯ ግን ከነዜማው ወሎ ነው። ፎርሙን አነበበች።

«የተረከበውን ንብረት መልሷል ይላል። ምን ተረከብክ ወንድማለም?»

«ምንም» አለ ጌታሁን።

«እንግዲያስ ምኑን መለሰ ብዬ ልፈርም?»

«ምንም ስላልወሰደ ምንም የለበትም ብለሽ» አልኩ።

«ምንም የለበትም የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። መልሷል ነው የሚለው። ነገ ኦዲተር መጥቶ ምን መለሰ ቢለኝ አየር ላሳየው?»

አሰበች። ከዚያ መፍትሔው መጣላት። በሞዴል ሃያ ሁለት ንብረት ወጪ አድርጋ ትሰጠዋለች፣ እሱ ይፈርማል፣ እዚያው ይመልሳል፣ እሷ ትፈርማለች። ከመደርደሪያ አንድ ማልያ አወረደች። ጌታሁን ፈርሞ ተቀበለ። በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ሲያየው ግን በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ማኅተም ያለበት ወረቀትና ሙጫ ይዘው ቆሙ።

«ቆጠራ ነው፤ ውጡልን» አሉ።

የበጀት መዝጊያ ንብረት ቆጠራ። እኛ ወጣን፣ በሩ ተቆለፈ፣ ወረቀቱ ተለጠፈ። ጌታሁን ማልያውን ዘረጋላት። ወይዘሮ ዘነቡ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«ከታሸገ ወዲያ አልቀበልም። ቆጠራው ሲያልቅ፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ።»

ሦስታችንም ወደ አቶ ፍቃዱ ሄድን። ሲሰማ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ። የክለቡ ደንብ ንብረት ያልመለሰ ሰው ውሉ አይዘጋም ይላል። ውሉ ካልተዘጋ ሐምሌም ደመወዝ አለ። በዚህ ሁሉ ልውውጥ የደከመው ለሰኔ ሠላሳ ነበር፤ ሰኔ ሠላሳን አንድ ማልያ ልትበላበት ነው።

«እዚሁ ብንቀደውስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሆን ተብሎ የተበላሸ ንብረት ያበላሸው ይተካል» አለች ወይዘሮ ዘነቡ። «መተኪያውንም የምቀበለው ስቶሩ ሲከፈት ነው።»

ሰው ሲያልበው ዋጋ መናገሪያው ሰዓት ነው። ወደ እሷ ዞርኩ። «ወይዘሮ ዘነቡ፣ ሥራ ላይ ያለቀ ዕቃስ?»

«እሱማ ስቶር አይገባም። ከጥቅም ውጭ ሆኗል ተብሎ በፎርም ይሰረዛል።»

«ማልያ ሥራ ላይ የሚያልቀው የት ነው?»

አቶ ፍቃዱ ጌታሁንን አየው፤ ከመጣን ጀምሮ ቀኑን ሳይሆን ሰውየውን ያየው ያኔ ነው።

«ሜዳ ላይ» አለ በመጨረሻ። «ስንት ደቂቃ ይበቃዋል?»

«እንደ ጨርቁ ነው» አለች ወይዘሮ ዘነቡ።

ሰኔ 29፤ አሶሳ

ጠዋት ዝናቡ ወረደ። የአሶሳ ዝናብ እንደኛው ቀኑን ሙሉ አያለቃቅስም፤ ያለውን በአንዴ ይጥልና ፀሐይ ይለቅብሃል። ሜዳው ሲሚንቶ ቢሆንም ዙሪያው ቀይ ጭቃ ነው። ተመልካቹ መጥረጊያ ይዞ ወርዶ ውኃውን ጠረገ፤ አደምም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከጠራጊዎቹ አንዱ ነበር።

ጌታሁን ማልያውን ለብሶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንደኛው ሩብ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛውም። አሰልጣኙ ወደ እሱ ዞር አይልም። ጀርባውን ሳየው ሦስት ዓመት ምን ይመስል እንደነበር ገባኝ። አራተኛው ሩብ ሊጋመስ ሲል አቶ ፍቃዱ ሄዶ በአሰልጣኙ ጆሮ የሆነ ነገር ተናገረ። አሰልጣኙ ትከሻውን ሰበቀ፣ ከዚያ በጣቱ ጠራው።

ጌታሁን ሲነሳ ተመልካቹ «ኦሆ!» አለ፤ መነሳቱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ እንደ ከባድ መኪና ነበር፤ ሁሉም ሄደው ሲመለሱ እሱ እየሄደ ነው። «አባባ፣ ቀስ!» አለ አንዱ። ሁለት ኳስ ከአየር ላይ ሲለቅም ግን አባባ የሚለው ቀረ።

የእንግዳው ቡድን ተከላካይ ቁመቱ አልደርስ ሲለው ማልያውን ከኋላ ጨምድዶ ያዘ። አቶ ፍቃዱ ከመቀመጫው ዘለለ።

«ሳበው! ጎበዝ፣ ሳበው!»

ሕዝቡ ዞሮ አየው። የራሱ ሰው ሲጎተት የሚደግፍ ሥራ አስኪያጅ አይተው አያውቁም። ተከላካዩም ማበረታቻ ሲያገኝ በሁለት እጁ ሳበ። ጌታሁን ተጎትቶ ጭቃው ውስጥ ወደቀ፤ ማልያው ግን ንቅንቅ አላለም። አደም በክርኑ ጎሰመኝ።

«ሸምሱ! ጆንያ ከዚህ ጨርቅ ስፋ!»

ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ ሁለት ቅጣት ምት። ጌታሁን ከጭቃው ተነስቶ መስመሩ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ብረቱን መትቶ ተመለሰ። እኔ ያለ ወትሮዬ ዱዓ አደረግሁ። ሁለተኛው ከፍ አለ፣ ብረቱ ላይ ሁለቴ ነጠረ፣ ገባ። አደም ጮኸ፣ እኔ ጮህኩ፤ ጌታሁን አልጮኸም። ወደ ኋላው እየሮጠ ወደ መከላከያው ሄደ፤ ሥራ እንዳለበት ሰው።

ተሸነፍን። ስንት ለስንት እንደሆነ አልያዝኩም።

ሰኔ 30፤ አሶሳ

ወይዘሮ ዘነቡ ማልያውን አቶ ፍቃዱ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ፊቱን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ስፌቱን ሁለት ሦስት ቦታ ሳበችው። አቶ ፍቃዱ ትንፋሹን ይዟል።

«ይሄ ይታጠባል» አለች።

አቶ ፍቃዱ ቁጭ አለ። እሷ ግን ብዕሯን አላስቀመጠችም። «ቁም እስቲ» አለችው ጌታሁንን። ቆመ። ማልያውን ከትከሻው ጋር ለካችው። ከዚያ ሊገባ ሲል የተጎነበሰበትን በር አየች። የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በጣቷ ሄደችበት። ፎርሙ ላይ መጻፍ ጀመረች፤ ስትጨርስ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ከተረካቢው በቀር ለሌላ ማንም ሰው የማያገለግል በመሆኑ ከክለቡ ንብረትነት ተሰርዟል።»

የቆጠራ ኮሚቴው ሰውዬ ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመ። አቶ ፍቃዱ ፈረመ። ፈርሞ ሲያበቃ እጁን ዘርግቶ «ጌታሁን፣ ትናንት ጥሩ ተጫውተሃል» አለው። አንበሳው ሳይለው ሲቀር የመጀመሪያው ነበር። ጌታሁን ጨበጠውና ወደ ወይዘሮ ዘነቡ ዞሮ ያቺን መስመር ድገሚልኝ አላት። ደገመችለትና ማልያውን አስያዘችው።

ሐምሌ 1፤ ወደ ቤት

አደም ማንጎውን ራሱ ጭኖ ሸኘን። የሞላልኝ ግን በራሴ ጆንያ ነው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

ባምባሲን አልፈን አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ፖሊሱ መታወቂያ እያየ አንድ አንድ ይጠይቃል። ጌታሁን ጋ ሲደርስ አንገቱን ወደ ላይ አቀና።

«ሥራህ?»

«የቅርጫት ኳስ ተጫዋች።»

«የት?»

«አሶሳ።»

ፖሊሱ «ያስታውቃል» ብሎ መታወቂያውን መለሰለት።

ውሉ ካለቀ አንድ ቀን ሆኖታል። እኔ ደግሞ ሰው በመደብሩ የሌለውን ዕቃ አለኝ ሲል ከሰማሁ ዝም የማልል ነጋዴ ነኝ። ዝም አልኩ፤ መታወቂያዬን አሳይቼ ከኋላው ተሳፈርኩ።